ማርሽ አስገብተህ፣ ድንጋይ አስደግፈህ፣ በሪሞት አስነሳ!

ሰሞኑን የመኪና ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ደጃፍ ያለፈ ሰው ጆሮው ውስጥ የሚገባው አንድ ጥሪ ነው። «ጋሼ፣ ሪሞት ስታርት እንግጠምልዎ! ቡናዎን እየጠጡ መኪናዎን ያስነሱ!» ይባላል። ቡናውን እየጠጣ መኪናውን ማስነሳት የሚጠላ ማን አለ? እኔም አልጠላሁም። የደረሰብኝን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

መኪናዬ ከብዙ ሹፌሮች በዕድሜ የምትበልጥ ማኑዋል ኮሮላ ናት። የእጅ ፍሬኗ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ ማታ ሳቆማት እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ባለመኪና አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደግፌ እገባለሁ። ይህን ለገጣሚው ልጅ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝ። የጠየቀኝ ሪሞቱ ጥቁር ይሁን ወይስ ብርማ ብሎ ነው!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረንዳ ላይ ሆኜ ቁልፉን ተጫንኩት። መኪናዋ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች። ለካ ዘበኛችን ባልዲያቸውን ይዘው ከፊቷ ጎንበስ ብለው መብራቷን ይወለውላሉ፤ እኔ ካለሁበት አይታዩም። ድንጋዩንም ለማጠብ እንዲመቻቸው ብለው አንስተውታል። መኪናዋ እንደ በቅሎ ዘለለች። ዕቃው ደግሞ ግትር ነው፤ ሞተሩ ካልተነሳለት ትንፋሽ ወስዶ እንደገና ይሞክራል። ሁለተኛ ዘለለች። ባልዲው ጭምድድ ብሎ ጎማው ሥር ገባ፣ ሰውየው ግን በጎናቸው ተንከባለው ወጡ። ለሦስተኛው ልትነሳ ስትል ነው ሪሞቱን መልሶ በመጫን ማጥፋት እንደሚቻል ትዝ ያለኝ። የስምንት ልጆች አባት ናቸው። እጄ መንቀጥቀጡን ያቆመው ከምሳ በኋላ ነው።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ ምንም አልደነገጠም። «ጋሼ፣ ፎሌ አድርገው ማቆም ነበረብዎ» አለኝ። እንዴት ነው ነገሩ? የእጅ ፍሬን የሌላትን መኪና ቁልቁለት ላይ በፎሌ ላቁማት?

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ዕቃ በብዛት የተለመደው ክረምቱ ከዜሮ በታች ሃያና ከዚያም በላይ በሚወርድባቸው አገሮች ነው። ሚኒሶታና ካናዳ ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል፤ እዚያ ዘይቱ ረግቶ፣ መስታወቱ በረዶ ለብሶ ስለሚያድር ከቤት ሳይወጡ ሞተር ማሞቅ ቅንጦት አይደለም። አብዛኛው መኪናቸው አውቶማቲክ ነው፤ ማርሹ «ፒ» ወይም «ኤን» ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው አይዞርም። እኛ ግን ዕቃውን ስናስመጣ ማርሽ አስገብቶ ከማቆም ልማዳችን ጋር አጋባነው። በቁልፍ ስናስነሳ ፍሪሲዮን የሚረግጥልን እግራችን አለ። ሪሞት እግር የለውም!

ማኑዋል መኪና ላይ ጨርሶ አይገጠምም ማለቴ አይደለም። ለማኑዋል ተብሎ የተሠራ ዕቃ አለ፣ አሠራሩም ብልህ ነው። መኪናውን ታቆማለህ፤ ሞተሩ እየሠራ ፎሌ አድርገህ የእጅ ፍሬን ትይዛለህ፤ ቁልፉን ትነቅላለህ፤ ሞተሩ ግን አይጠፋም። ወርደህ በሩን ዘግተህ ስትቆልፍ ያኔ ራሱ ያጠፋዋል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፦ ሰው ከወረደ በኋላም ሞተሩ ከሠራ ማርሽ አልገባም ማለት ነው፤ ፍሪሲዮን የሚረግጥ የለማ! ከዚያ በኋላ አንድ በር ከተከፈተ ዕቃው ጥርጣሬ ገብቶት በሚቀጥለው ጊዜ በሪሞት አልነሳም ይላል። እንዲህ እንዲሠራ ግን ከየበሩ፣ ከእጅ ፍሬኑ፣ ከእግር ፍሬኑና ከኮፈኑ ሽቦ መሳብ አለበት። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የእኔው ልጅ በአርባ ደቂቃ ጨርሶ ሻይ ጋብዞኛል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ልትገዙ ከሄዳችሁ ስለ ቀለሙ ተዉትና ገጣሚውን «ማርሽ አስገብቼ ብረሳው ምን ይሆናል?» በሉት። «አይርሱ» ካላችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ደህና ገጣሚ ሲጨርስ ራሱ ይፈትነዋል፤ ኮፈኑን ከፍቶ በሪሞት ይሞክራል፣ መነሳት የለበትም። እየሠራ ሳለ ቁልፍ ሳይገባ የእግር ፍሬኑን ይረግጠዋል፣ መጥፋት አለበት። የኮፈኑ ነገር እንደ ትንሽ ይታያል እንጂ መካኒኩ እጁን ቺንጋው ላይ አድርጎ ሳለ እናንተ ከሻይ ቤት ሆናችሁ ብትጫኑትስ? በመጨረሻም የእጅ ፍሬናችሁ ቁልቁለት ላይ ብቻውን መኪናዋን የማይዝ ከሆነ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ለፍሬን ሠሪው ስጡ።

ቪትዝና ሌላ አውቶማቲክ የያዛችሁ ደግሞ «እኛ ተረፍን» አትበሉ። የእናንተ ጣጣ ሌላ ነው። በብዙዎቻችሁ ቁልፍ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ፤ መኪናው ቺፑን ካላየ ሞተሩ አይነሳም። ሌባን ያስቸገረው እሱ ነው። ሪሞት ስታርት ይህን ማለፍ ስላለበት ገጣሚው «ሁለተኛ ቁልፍዎን ያምጡ» ይላችኋል። ደንበኛ አሠራሩ ቺፑን ልዩ ሳጥን ውስጥ አድርጎ በሪሞት ስትጠሩት ብቻ እንዲታይ ማድረግ ነው። ቁልፍ ሳይሰዉ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩ ሞጁሎችም አሉ። ሰነፉ ገጣሚ ግን ቺፑን በፕላስተር ከመሪው ሥር ለጥፎት ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ቺፑን ሁልጊዜ ያየዋል፤ ያ ሁሉ መከላከያ ቀረ ማለት ነው። ብር ከፍላችሁ ለሌባ በር አስከፈታችሁ! ዳሽቦርዱ ሲዘጋ ቆማችሁ እዩ። ሪሞቱም በተጫናችሁት ቁጥር ኮዱን የሚለዋውጥ መሆኑን ጠይቁ፤ ኮዱ አንድ ብቻ ከሆነ አጠገባችሁ የቆመ ሰው በመሣሪያ ቀድቶ መልሶ ሊያጫውተው ይችላል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀት ሜዳ ላይ የተለካ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ሆናችሁ ያንን አትጠብቁ። መኪናውን ከማታዩበት የምታስነሱ ከሆነ መነሳቱን መልሶ የሚነግራችሁን ባለ ሁለት መንገድ ሪሞት ግዙ። ግን ከማይታይበት ለምን ይነሳል? ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ወይም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ኪስ ውስጥ ባለ ሪሞት ሳይታሰብ የተነሳ መኪና የሚተፋው ጭስ ያው የከሰል ምድጃው ገዳይ ጋዝ አለበት፤ ሽታም ቀለምም የለውም።

እንዲያው ለነገሩ፣ አዲስ አበባ ላይ ሞተር ማሞቅ ምን ያህል ያስፈልጋል? በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኢንጀክሽን ላለው ሞተር ግማሽ ደቂቃ ያህል በቂው ነው፤ ከዚያ በዝግታ እየነዱ ማሞቅ ነው። ትንሽ መኪና ቆማ ስትሠራ በ15 ደቂቃ ወደ 0.2 ሊትር ትጠጣለች እንበል። ጠዋትና ማታ፣ በወር 25 ቀን፣ 10 ሊትር መሆኑ ነው። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት በ2017 ዓ.ም. ሒሳብ እንኳ ከ1,000 ብር በላይ ቆሞ ይቃጠላል። ነዳጅ ማደያ ተሰልፈን ያገኘነውን!

ባለሥልጣኖቻችንማ ሪሞት ስታርት ምን ያደርግላቸዋል? ሹፌር አላቸው። በስብሰባ አዳራሽ ደጃፍ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ሞተር አይጠፋም፣ ጌታው ሲወጡ ውስጡ ቀዝቀዝ ብሎ መጠበቅ አለበት። ስለ ቁጠባ የሚነገረን ከዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች አገር ውስጥ አይገቡም ብሎ አስታወቀ። ይሁን እንበል። ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችለው ሕዝብ ግን ምን አደረገ? አሮጌ ኮሮላውን ይዞ ቀረ፣ አሮጌው ላይም አዲስ ዕቃ አንጠለጠለበት። ታዲያ አንጠልጣዩን ማን ይቆጣጠረዋል? በየዓመቱ ቦሎ አድሳለሁ። መብራት ታየ፣ ፍሬን ተረገጠ፣ ክላክስ ተነፋ፣ ብር ተከፈለ። ዘንድሮ መርማሪው ከመሪዬ ሥር የተንዠረገገውን ሽቦ በዓይኑ አይቶ አለፈው። የእጅ ፍሬኔንም አለፈው። «ይህን ማን ገጠመልህ? በምን ፈቃድ?» የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም፤ ብር የሚጻፍበት ቦታ ግን አለ። መርማሪው የፍሬን ገመድ ከሚያይ የሪሞት ስታርቱን አንድ ጊዜ ቢጫነው ምን ይጎድለዋል? ማርሽ አስገብቶ መጫን፣ ከዘለለች ቦሎ መከልከል! ኮሚቴ አያስፈልገውም፣ መመሪያ እስኪረቀቅ መጠበቅም የለበትም።

የእኔዋን አስነቅያታለሁ። ባነቀልኩበት ሳምንት የእጅ ፍሬን ገመዷን አስቀየርኩ፣ ለዘበኛችንም ባልዲ ገዛሁ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ከፊቷ አይቆሙም። መብራቷን የሚወለውሉት ከጎን ሆነው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንድ ዓይናቸውን በረንዳው ላይ አድርገው ነው።