የተናገሩት ይጥፋ፣ የወለዱት ይትረፍ

 ዛሬ ስለ አንድ ከባድ ጉዳይ አብረን እንድናስብ እንወዳለን። ተማሪ ልጆቻችን “እንገድላለን፣ እናቃጥላለን፣ እናስወጣለን” ብለው በሌላው ላይ ሲዝቱ እኛ ወላጆች፣ መምህራን፣ የአገር ሽማግሌዎችና አማኞች ምን ማድረግ ይገባናል?

ከቃሉ እንጀምር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ከቁጥር 51 ጀምሮ እንደምናነበው፣ ጌታ ኢየሱስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ አንዲት የሳምራውያን መንደር አልቀበልም አለችው። ምክንያቱ ጉዞው ወደ ኢየሩሳሌም መሆኑ ነበር፤ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የቆየ ጥል ነበርና። ያዕቆብና ዮሐንስ ይህን አይተው እሳት ከሰማይ ወርዶ መንደሯን እንዲበላት ፈቃድ ጠየቁ። ልብ እንበል፤ ደቀ መዝሙር ማለት ተማሪ ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ተማሪዎች ከመምህራቸው አጠገብ ቆመው፣ የነቢዩን የኤልያስን ስም ጠርተው፣ በሌላ ሕዝብ መንደር ላይ ዛቱ።

ጌታ ዞር ብሎ ገሠጻቸው። “የወጣት ነገር ነው” ብሎ አላለፈውም። ነገር ግን ከደቀ መዝሙርነትም አላባረራቸውም፤ ይዟቸው ወደ ሌላ መንደር ሄደ። መንደሯ ዳነች፣ ተማሪዎቹም ከመምህራቸው ጋር ቀሩ። እኛ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የምናደርገው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የ2012 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀመር የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ሰላም ለመጠበቅ ውል እንዲፈርሙ አድርጎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በጥቅምት መጨረሻ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ሁከቱ በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ወደሚገኙ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ። በኅዳር ደግሞ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሸሽተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች በመንገድ ታገቱ። ወላጆቻቸው ያለቀሱትን ልቅሶ አገር ሁሉ ሰምቷል።

ያን ሰሞን በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ ልጁን ወደ ሩቅ ግቢ የላከ ወላጅ ሁሉ ስልኩን በእጁ ይዞ ነበር የሚያድረው። እዚሁ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ ከሌላ ክልል የመጡ የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ፤ የእነርሱም እናቶች እንዲሁ ስልክ ይዘው ያድሩ ነበር። በዚያ ዓመት ግቢ ጥለው የወጡት ተማሪዎች ሁሉ ተደብድበው አይደለም። ብዙዎቹን ያስወጣቸው ቃል ነው፤ በስልክ የደረሰ መልእክት፣ በፌስቡክ የተለቀቀ ጽሑፍ፣ “እስከ ነገ ውጡ” የሚል ወሬ።

መንግሥት የበኩሉን አደረገ። የፌዴራል ፖሊስ ወደ ግቢዎች ገባ። በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጣ። ቀድሞም ቢሆን የወንጀል ሕጋችን ዛቻን ወንጀል ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ነገር ግን አዋጅ አንድን ልጅ ከተናገረው ቃል መልሶ ወደ ቤቱ አያመጣውም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። በዚያው ዓመት ከመካከላችን አንድ ወጣት ነበረ፤ በጉና ተራራ ሥር የተወለደ፣ እናቱ ድንች ሸጣ ያስተማረችው፣ በሰንበት ከመዘምራን ጋር የሚቆም። ስሙንም የተማረበትን ግቢም አንጠቅስም። የአገሩ ልጅ በሌላ ግቢ መደብደቡን ሲሰማ፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ዶርም በሚኖሩ የሌላ ብሔር ሁለት ተማሪዎች ላይ ዛተ። በአፉ ብቻ አልቀረም፤ ብዙዎቻችን ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይም ጻፈው። አንዳንዶች “ጎበዝ!” አሉት። አንዳንዶቻችን አንብበን አለፍነው። በማግስቱ ሲነሣ “ፉከራ ነው፣ ይበርድለታል” ተባባልን።

ያላለፈችው አንዲት የኅብረቱ ታናሽ እኅት ናት። መልእክቱን ይዛ ወደ ኅብረቱ መሪዎች ሄደች። በዚያው ምሽት ሁለት ወንድሞች ተነሡ። በመጀመሪያ ወደ ተዛተባቸው ተማሪዎች ሄደው ሌላ ክፍል እንዲያድሩ አደረጉ። ከዚያ ወደ ልጁ ሄዱ። ከትናንት ጀምሮ አልበላም ነበርና አወጡት፣ አበሉት፣ አብረውት ተቀመጡ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲህ አለ፦ “በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። አሁን ብተወው ምን ይሉኛል?”

ከአፉ የወጣው ይኸው ነው። ጥላቻው እየበረደ ነበር፤ የያዘው ቃሉ ነበር። ሲነጋ ወደ እናቱ አስደወሉት። እርሷም “ልጄ፣ የማልኸው በእኔ ላይ ይሁን፤ አንተ ብቻ ተመለስልኝ” አለችው። በዚያው ግሩፕ ላይ “የጻፍሁት ስሕተት ነው፣ ይቅርታ” ብሎ ጻፈ። ወደ ግቢው ኃላፊዎችም ራሱ ሄዶ ተናገረ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከሁለቱ ተማሪዎች አንዱ ይቅር አለው። ሌላው ግን ክፍሉን ቀየረ፣ ዳግመኛም አላናገረውም። መብቱ ነበር።

አባቶቻችን “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” ይላሉ። ለእውነት፣ ለአደራ፣ ለውል ሲሆን ክቡር አባባል ነው። ለዛቻ ሲሆን ግን ልጅ ይበላል። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አባባል ቃል በቃል የፈጸመ ሰው ያሳየናል። መሳፍንት 11 ላይ ዮፍታሔ በችኮላ ተሳለ፣ አንድ ልጁ ልትቀበለው ወጣች፣ እርሱም ከአፌ ወጥቷልና መመለስ አልችልም አለ። የተናገረው ቆመ፣ የወለዳት ጠፋች።

ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። 1ኛ ሳሙኤል 25 ላይ ወጣቱ ዳዊት በናባል ስድብ ተቆጥቶ፣ እስኪነጋ በቤቱ አንድ ወንድ እንደማይተው ማለ። ይህ ዛቻ ብቻ አልነበረም፤ አራት መቶ ሰዎች ሰይፍ ታጥቀው ተከትለውታል። ያን ቤት ያዳነው ማን ነው? በመጀመሪያ አንድ ብላቴና ነው፤ የሆነውን ፈጥኖ ለአቢግያ ነገራት። ቀጥሎ አቢግያ ናት፤ ስንቅ ጭና፣ ጊዜ ሳታጠፋ፣ መንገድ ላይ አገኘችው። ጥፋቱን በራሷ ላይ ወስዳ፣ ነገ ሲነግሥ ይህ ደም የኅሊና ጸጸት እንዳይሆንበት ለመነችው። ዳዊትም መሐላውን ተወ። ቃሉን ስላፈረሰ አላፈረም፤ ከደም የከለከለችውን ሴት ባረካት፣ እርሷን የላከውን እግዚአብሔርንም አመሰገነ። የተናገረው ጠፋ፣ ብዙዎች ተረፉ።

ወገኖች፣ ልጆቻችን የሚዝቱት ከየት ተምረው ነው? ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ስፍራ አለች። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወንጌላውያን ሚስዮናውያን በዚያ ይኖሩ ነበር። መጽሐፍ ይዘው፣ የእጅ ሥራ ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ ግን ከእነርሱ መድፍ ፈለጉ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በዚያ ተሠራ፤ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። መድፉ አገርን አላዳነም፣ ንጉሡንም አላዳነም። ይህን የምናነሣው በቀደሙት ለመፍረድ አይደለም። ማኅበረሰብ ከትምህርት ቤት የሚያገኘው የጠየቀውን መሆኑን ስለሚያሳየን ነው። እኛስ ከተማሪዎቻችን የምንጠይቀው ምንድን ነው? ለሕፃን ደመላሽ ብለን ስም እናወጣለን። በሠርግ ፉከራ ሲሰማ እናጨበጭባለን። ልጁ በስልክ ሲዝት ደግሞ “ወንድ ልጅ!” እንላለን። ከዚያ ደም ሲፈስ እንደነግጣለን።

“ይህ ዛቹን ማባበል አይሆንም ወይ?” የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ወንጌላውያን በዚህ ደጋ በቁጥር ጥቂት ነን፤ ዛቻ የደረሰበት ሰው ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋለት ከመካከላችን የሚያውቅ አለ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አናዛባ።

በመጀመሪያ የተዛተበት ይጠበቅ። “ታረቅ” ብሎ እርሱን ማስጨነቅ ሁለተኛ በደል ነው። ዛቹ የሰው ስም ጠርቶ፣ ቀንና ቦታ ቆርጦ፣ መሣሪያ አዘጋጅቶ እንደሆነ ለጸሎት ፕሮግራም የሚቆይ ጉዳይ የለም፤ ያኔውኑ ለግቢው ኃላፊዎችና ለፖሊስ ይነገር። ሮሜ 13 ባለሥልጣን ክፉ አድራጊን የሚገታ የእግዚአብሔር አገልጋይ እንደሆነ ያስተምረናል።

ሁለተኛ፣ የሚናገረውን ልጅ እናክብረው። በትምህርት ቤቶቻችን የሰማውን ለትልቅ ሰው የሚነግር ተማሪ “ጆሮ ጠቢ” ይባላል። የናባል ብላቴና ጆሮ ጠቢ አልነበረም። ያች እኅታችንም አልነበረችም። እርሷ ሁለት ቤት ከልቅሶ አድናለች፤ ሦስት ልጆችም ትምህርታቸውን ጨርሰዋል።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ይላክ። የደቡብ ጎንደር ሽማግሌዎች ደም ማድረቅ ያውቁበታል። የምንጠራቸው ግን ሬሳ ከወጣ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን፤ ለቃል እሳትም ቅጠሉ ይህ ነው። ዛቹ ያለ ውርደት ቃሉን የሚጥልበት፣ ግን እውነቱን ተናግሮ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቦታ ያስፈልገዋል። ቅጣት ካለበት ይቀበል፤ ከቅጣቱ በኋላ ግን የሚመለስበት በር ይኑረው። ተባርሮ ብቻውን የቀረ ልጅ ቃሉን የሚያስጥለው ሰው የለውም።

አራተኛ፣ ቤታችንን እንክፈት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ሕዝብ ጋር የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ሥራ ጀምሮ፣ ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች በከተማው እናትና አባት እንዲያገኙ አድርጓል። አብያተ ክርስቲያናችን ይህን ለማድረግ ምን ይከለክለናል? በእሑድ ምሳ ከእኛ ልጅ ጋር ከአንድ መሶብ የበላ የሌላ ክልል ተማሪ ነገ በልጃችን አፍ “እነሱ” አይባልም። የእኛ ልጅም በሌላ አገር ሲዝት የሚቆጣው እናት ያገኛል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከደብተር ይልቅ መሣሪያ ቀርቧቸዋል። ድሮ በቃልና በድርጊት መካከል ሰፊ ሜዳ ነበረ። ዛሬ ያ ሜዳ ጠብቧል። ስለዚህ አቢግያ በአህያዋ የሮጠችውን ያህል እኛም መፍጠን አለብን።

ወደ ጀመርንበት እንመለስ። እሳት ይውረድ ያለው ዮሐንስ የት ደረሰ? ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ሰማርያ ቃሉን መቀበሏ ሲሰማ፣ ሐዋርያት ከጴጥሮስ ጋር ወደዚያ የላኩት እርሱን ነው። እሳት የለመነባቸው ሰዎች ላይ እጁን ጫነ፤ እነርሱም መንፈስ ቅዱስን ተቀበሉ። በዚያች መንደር መንገድ ጌታ ባይገሥጸው፣ ወይም ገሥጾ ቢጥለው ኖሮ ያን እጅ ከየት እናገኘው ነበር? በየግቢው ዛሬ ጡጫ የጨበጠ ብዙ እጅ አለ። ጌታ ለምን እንደሚፈልገው አናውቅም።

ዛሬ ማታ ስልካችንን ስንከፍት በግሩፓችን ውስጥ ያለፍነው መልእክት ካለ ተመልሰን እንየው። ጻፊውን እናውቀው ይሆናል፤ እንደውልለት።

አባት ሆይ፣ ልጆቻችንን ከቃላቸው አድናቸው። የተዛተባቸውን በክንፍህ ጥላ ሰውራቸው። ለእኛም የአቢግያን ፍጥነት ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።