ጊሌውን እያደነቁ ቀጥቃጩን መስደብ

ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሁሉ አፋሩ ወገቡ ላይ የታጠቀውን ጊሌ ያደንቃል። ስለት የሚያወጣውን ቀጥቃጭ ግን ዛሬም «ቡዳ» የሚለው አልጠፋም።

እስቲ ሙያውን እንየው! ብረቱን በወናፍ ያግላል። እንደ ፍም ሲቀላ፣ 800 ዲግሪ ግድም መሆኑ ነው፣ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ይጠነክራል፤ እንዲሁ ቢተወው ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ስለቱ የገለባ ቀለም እስኪያወጣ እንደገና በስሱ ያሞቀዋል። ቴርሞሜትሩ ዓይኑ ነው።

ይህንኑ በላቦራቶሪ የሚሠራው «ኢንጂነር» ይባላል። ጓሮው የሚሠራውስ ምን አጠፋ? አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኛ የኢንተርኔት ትውልዶች ከዚያ አዋጅ ወደኋላ መቅረት የለብንም። ተሳዳቢ ሆይ፣ ወይ ስድቡን ተው፣ ወይ ቢላዋውን መልስ!