ደብተሩ ይቅደም ወይስ ጨዋታው?

ልጅዎ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ደብተሩን ወንበር ላይ ጥሎ ወደ ሜዳ ሲሮጥ «ይህን ልጅ ኳስ አጠፋብኝ!» ብለው ያውቃሉ? ከሥራ ደክመው የገቡ እናት ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ሆኖም ኳሱን ከመንጠቅዎ በፊት ጆ ጁኖ ስለተባለው ካናዳዊ ጥቂት እናጫውትዎ።

ጁኖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በኬቤክ ክፍለ ሀገር ተወለደ። ጨዋታው በበረዶ ላይ በዱላ የሚደረገው ሆኪ ነው፤ የእኛን ገና ለሚያውቅ ሰው ዱላው እንግዳ አይሆንበትም። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሬንሰለር ፖሊቴክኒክ ሲገባ አፉን የፈታው በፈረንሳይኛ ስለነበረ እንግሊዝኛው ገና አልተቃናለትም። ያም ሆኖ ለኮሌጁ ቡድን እየተጫወተ የ4 ዓመቱን የአውሮፕላን ምህንድስና ትምህርት በ3 ዓመት ጨረሰ። በ1992 ኦሎምፒክ ከካናዳ ቡድን ጋር የብር ሜዳሊያ አገኘ፤ ከዚያም እስከ 2004 በታላላቅ ክለቦች ተጫወተ።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። በሰሜን ኬቤክ ኑናቪክ በሚባለው አካባቢ ኢኑዊት የተባሉ ሕዝቦች በ14 መንደሮች ይኖራሉ። ከደቡብ የሚያገናኝ መንገድ የለም፤ የሚደረሰው በአውሮፕላን ነው። ራሳቸውን የሚያጠፉ ወጣቶች ቁጥርም ከሌላው ካናዳ እጅግ የበዛ ነው። ጁኖ ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ሄደና በ2006 ለልጆች የሆኪ ማሠልጠኛ ጀመረ። የመንደሩን ሰዎችም አሠልጣኝ እንዲሆኑ አስተማረ። ደንቡ ጨዋታውን ከትምህርትና ከጠባይ ጋር ያያዘ ነበር።

እዚህ ላይ ግን እናቶች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በትምህርቱ የደከመው ልጅ ጨዋታውን ከሌላው አብልጦ የሚፈልገው ሊሆን ይችላል። ሜዳውን ከልክለነው ማታ ደብተሩን የሚያይለት ሰው ከሌለ፣ ከሁለቱም ውጭ ይቀራል። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለው ደንብ የሚሠራው አስቀድሞ ሲነገርና አጠገቡ የሚረዳው ሲኖር ነው። በፈተና ሰሞን በድንገት የሚወርድ ክልከላ ቁጣ እንጂ ደንብ አይባልም።

ሴት ልጅዎንስ? ወንድሟ ሜዳ ሲውል እርሷ ሽንኩርት ስትልጥ ከመሸ፣ የሚከለከል ጨዋታ እንኳ አልነበራትም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሁለቱንም ጠርተው የጥናቱን ሰዓትና የጨዋታውን ሰዓት አብራችሁ ወስኑ። ከወሰናችሁ በኋላ እርስዎም ቃልዎን ይጠብቁ። ልጁ ጥናቱን ጨርሶ ደብተሩን ሲያሳይዎ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሱቅ ደርሰህ ና» አይበሉት።