እስያን በእጃችን ካለው ዕቃ እናስተምር

«ሲሪላንካ ሻይ፤ ባንግላዴሽ ጁት፤ ማሌዢያ ጎማ፤ ጃፓን መኪና።» ብዙዎቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ስለ እስያ የያዝነው ዕውቀት ይህን የመሰለ ዝርዝር ነበር። ዝርዝሩን እንደ ዳዊት ደገምነው፤ በፈተና ወረቀት ላይ አሰፈርነው፤ በማግሥቱ ረሳነው። ጁት ምን እንደሆነ የጠየቀ ተማሪ አልነበረም፤ ያስረዳንም የለም። ጁት ግን የሩቅ ምሥጢር አይደለም፤ አባቶቻችን እህላቸውን ሲከቱበት የኖሩት የጆንያ ቃጫ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የእስያ ጂኦግራፊ መሰጠት ያለበት ተማሪው በእጁ ከሚይዘው ዕቃ ተነሥቶ ነው። ዕቃው ከየት መጣ? ከምን ተሠራ? ማን ሠራው? እዚያ ሊሠራ የቻለው ስለ ምንድን ነው? እዚህስ? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች የማይጠየቁበት ክፍል ገዢ እንጂ ሠሪ አያፈራም ብለን እናምናለን።

ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡና የምንጠጣበት ስኒ ስሙ በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን ፍችውም «የቻይና» ማለት ነው። እናቶቻችን ረከቦት በዘረጉ ቁጥር የቻይናን ስም ይጠራሉ፤ ልጁ ግን ቻይናን የሚያውቃት በካርታ ላይ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ የሠራውም የቻይና ተቋራጭ ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎንደር መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ወረታ የደረሰ ሰው ደግሞ በፎገራ ሜዳ ላይ የተዘራችውን እስያ ያያል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ቀድሞ የታወቀው በከብቱ ነበር፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት ለብዙው እህል አይመችም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በአካባቢው የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ሩዝ አስሞከሩ። በሰፊው ከሚዘሩት ዝርያዎች አንዱ «ኤክስ ጅግና» መባሉ ሙከራው ከተደረገባቸው ቀበሌዎች አንዷ ጅግና ስለሆነች ነው። ዛሬ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ገለባው ለከብት ይቀርባል፤ ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሞላታል።

ከዓለም ሩዝ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሚመረተው በእስያ ነው። አስተማሪ ይህን ቁጥር ብቻ ቢናገር ተማሪው ጽፎ ይተወዋል። ስለ ፎገራ ጎርፍ ከጀመረ ግን ጋንጅስና ብራህማፑትራ በየዓመቱ የሚያጥለቀልቁትን የቤንጋልን ሜዳ ለማስረዳት መንገዱ ተጠረገለት። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ እስያ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ሞንሱን ይባላል። የእኛም ክረምት በእነዚያው ወራት የሚመጣና ከዚህ ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከልክ በላይ በሚሞቅበት በኤል ኒኞ ዘመን ብዙ ጊዜ የሁለታችንም ዝናብ ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያን ያ ብርቱ ድርቅ ሲመታት የሕንድም ክረምት ጎድሎ ነበር። ይህን የተረዳ የገበሬ ልጅ እስያን የባዕድ ወሬ አድርጎ አይሰማትም።

ስለ ፋብሪካ ሥራም እንዲሁ ነው። በከተማችን ጎዳናዎች የሚርመሰመሰውን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሁላችንም ባጃጅ እንለዋለን። ባጃጅ ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ በሕንድ በፑኔ ከተማ የሚገኝ ኩባንያ ስም ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ሥራው ከውጭ የመጣ ተሽከርካሪ መሸጥ ነበር። በ1959 ከሕንድ መንግሥት የማምረት ፈቃድ አገኘ፤ ከጣሊያኑ ፒያጆ ጋር ተዋውሎም ራሱ ይሠራ ጀመር። ነጋዴ የነበረው ሠሪ ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን የእኛስ ከተማ ምን ነበራት? እ.ኤ.አ. በ1961 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ። በ1963 በሶቪዬት ኅብረት ርዳታ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ሙያ የሚያስተምረው ፖሊቴክኒክ ቆመ። በ1964 ደግሞ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከ1951 ጀምሮ የተዋጉላት ደቡብ ኮርያ ለውጭ የሸጠችው ዕቃ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ደረሰልኝ ብላ የሚከበር ቀን ሰየመችለት። ያን ጊዜ ትሸጥ የነበረው ልብስ፣ ሠው ሠራሽ ጸጉርና ኮምፖንሳቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሽያጯ ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከመንግሥት አመራር ነው? ከትምህርት ነው? ከገበያ ነው? ከሰላም ነው? መልሱን በአንድ ቃል እንሰጣለን አንልም። የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ግን ጥያቄውን ሳይሰማ ትምህርቱን እንዳይጨርስ እንጠይቃለን።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። በእነዚያ ዓመታት የጃፓን የጥጥ ጨርቅ ገበያችንን ሞልቶት ነበር። ሊቃውንቱ ጃፓንን አደነቁ፤ ገበያው ጨርቋን ገዛ፤ በሁለቱ መካከል ሊቆም የሚገባው ትምህርት ቤት ግን ገና በእግሩ አልተተከለም ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቱ አለ፤ የጎደለው ጥያቄው ነው።

ሦስተኛው ምሳሌያችን የሁላችንም ሐዘን የሆነው እምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ የታየው ይህ አረም ትውልዱ ከደቡብ አሜሪካ ነው። ነገር ግን ከእኛ በፊት ቤንጋልን አስጨንቋል፤ በ1936 እርሱን ለማጥፋት በዚያ ልዩ ሕግ እስከ መውጣት ተደርሷል። የባንግላዴሽ ገበሬዎች አረሙን ከምረው በጎርፍ ላይ የሚንሳፈፍ መደብ ያበጁና አትክልት ይተክሉበታል። በካምቦዲያ በቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ዳር ያሉ ሴቶች ግንዱን አድርቀው ቅርጫትና ምንጣፍ ይሠሩበታል። ይህን ስንል እምቦጭ በረከት ነው ማለታችን አይደለም፤ መነቀል ያለበት ጠላት ነው። ሆኖም ደንገል አስሮ ታንኳ የሚያበጅ እጅ ባለበት በጣና ዳር፣ የቶንሌ ሳፕን ስም የሐይቅ ዝርዝር ውስጥ ብቻ አስገብቶ ማለፍ ያስቆጫል።

እዚህ ላይ መራራውን ነገር እንናገር። ዕቃ አሠራርን ለማስተማር ከሁሉ የሚከብደን የመሣሪያ እጦት ሳይሆን ሠሪን መናቃችን ነው። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያልን አደግን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን አልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። ስለ ጃፓን ብረት ሥራ በአድናቆት እያስተማረ፣ በክፍሉ የተቀመጠው የቀጥቃጭ ልጅ ሲሰደብ ዝም የሚል አስተማሪ ስለ ምርት ምንም አላስተማረም። ያ ልጅ ብረት በስንት እሳት እንደሚለዝብ ከሁላችንም በፊት ያውቃል፤ ተጠይቆ ቢናገር ኖሮ የዚያን ቀን አስተማሪ እርሱ በሆነ ነበር።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ፈተና እየደረሰ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለም» ይሉን ይሆናል። ሐሳባቸውን አንንቅም፤ መምህራኑ የተሸከሙትን ቀንበር እናውቃለን። ነገር ግን በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነትም አለበት። ሽምደዳ ጊዜ ቆጥቦልናል፣ ለፈተናም ጠቅሞናል ማለት ግን ከእንግዲህ አይቻልም።

«ማስተማሪያ ዕቃ የለም» ለሚሉትም መልስ አለን። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች፣ ብዙዎቻችን ነገ በመምህርነት የምንሠማራ ስለሆንን፣ ሥራው የራሳችን ነው። ኅብረታችን አንድ ትንሽ ኮሚቴ ያቋቁምና ለየትምህርት ቤቱ አንዳንድ ሣጥን ያዘጋጅ። በሣጥኑ ውስጥ አንድ እፍኝ ያልተፈተገ የፎገራ ሩዝ፣ ቁራጭ ጆንያ፣ ጥጥ ከነፍሬውና ከፈትሉ ጋር፣ የተሰበረ ስኒ፣ ከጋራዥ የተጣለ የባጃጅ ዕቃ፣ የደረቀ የእምቦጭ ግንድና አንድ የእስያ ካርታ ይኑር። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንዳንድ ገጽ ማብራሪያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንጻፍ፤ ይህ መጽሔት በሚባዛበት ማባዣ ይባዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆነን ወደ ትምህርት ቤቶቹ እንሂድ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜም ተማሪዎቹን ወረታ ድረስ ወስደን የሩዝ መፈልፈያውን እናሳያቸው፤ ፎገራ ሩዝ እያመረተ አገራችን ከውጭ ሩዝ የምትገዛው ስለ ምን እንደሆነ ባለ ወፍጮውን ራሳቸው ይጠይቁት።

ይህ ከዐቅማችን በላይ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከእኛ የቀደሙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አንድ ዓመት እያቆሙ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል። ከእኛ የሚፈለገው ዓመት አይደለም፤ የቅዳሜ ጧት ነው። የኅብረቱ መሪዎች ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያቀርቡት እንጠይቃለን። ፈቃደኛ የሆነም ስሙን ከወዲሁ ያስመዝግብ፤ የመጀመሪያውን እፍኝ ሩዝ እኛ እናመጣለን።