ልጃችሁ አንደኛ ክፍል ሲገባ

ዘንድሮ እዚህ አሜሪካ ልጃችሁን አንደኛ ክፍል ያስገባችሁ ብዙ ናችሁ። ኪንደርጋርተን እንደ ጨዋታ አለፈ። አሁን ልጁ 6 ዓመት ሞልቶታል፣ የፊት ጥርሱ እየወለቀ ነው፣ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲባል ደግሞ መልሱ «ምንም» ነው። (ስለ ጥርሱ ካነሳን፣ ትራሱ ሥር አድርጎት ጠዋት ገንዘብ ቢፈልግ አትደንግጡ፤ ከክፍል ጓደኞቹ ሰምቶ ነው። እኛማ ጣሪያ ላይ ወርውረን ነው የተገላገልነው።)

የዚህ ዓመት ትልቁ ሥራ ማንበብ ነው። መስከረም ላይ አጫጭር ቃላትን እየለቀመ የሚያነብ ልጅ፣ ትምህርት ሲዘጋ ለዕድሜው የተጻፈ ቀላል መጽሐፍ ራሱ አንብቦ ታሪኩን እንዲናገር ይጠበቃል። ይህ ደግሞ ለእኛ እንደሚመስለን ቀላል አይደለም። በእኛ ፊደል «ባ» የትም ቦታ «ባ» ናት። በእንግሊዝኛ ግን ያቺው የመጀመሪያዋ ፊደል «ካት» ላይ አንድ ድምፅ፣ «ኬክ» ላይ ሌላ፣ ኳስ ለማለት «ቦል» ሲሉ ደግሞ ሌላ ድምፅ አላት። ስለዚህ ትናንት ያነበባትን ቃል ዛሬ ቢስታት ስንፍና አይደለም።

ጽሕፈቱም እንዲሁ ነው። «ላይክ» ብሎ ሲጽፍ መጨረሻ ላይ ያለችውን የማትነበብ ፊደል ሊተዋት ይችላል፣ መምህርቷም ሳታርመው ወደ ቤት ትልከው ይሆናል። «ምን ዓይነት አስተማሪ ናት?» ከማለታችሁ በፊት፣ በዚህ ዕድሜ የሰሙትን ድምፅ በፊደል ለማስቀመጥ መሞከር ራሱ ትምህርት መሆኑን ዕወቁ። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ሁሉንም ማረም ልጁን መጻፍ ያስጠላዋል እንጂ አያስተምረውም።

«የእኔ እንግሊዝኛ ደካማ ነው፣ በምን ላግዘው?» የምትሉ አላችሁ። ማታ ማታ 15 ወይም 20 ደቂቃ አጠገቡ ቁጭ በሉና ያንብብላችሁ። ቃሉን ባታውቁትም ግድ የለም። ሲጨርስ በአማርኛ «እሺ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» በሉት። ቃል ሲያጥረው በእንግሊዝኛ ይጨምርበት፣ ዋናው ታሪኩን መናገሩ ነው። ቃላቱን አሳምሮ አንብቦ ስለ ምን እንደሆነ መናገር ካቃተው ግን ለመምህርቷ ንገሯት።

ሒሳብ ላይ ብዙ ቤት ጭቅጭቅ ይነሳል። እኛ ቁጥሮቹን ከላይና ከታች ደርድረን ነው የተማርነው። እዚህ ልጁ 8 ሲደመር 5 ሲባል መጀመሪያ ከ5 ላይ 2 ወስዶ 8ን 10 ያደርጋል፣ ከዚያ የቀረውን 3 ጨምሮ 13 ይላል። ዞሮ ዞሮ ያው ነው ብላችሁ የራሳችሁን መንገድ አትጫኑበት። ይልቅ አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዘዋል። «አሥራ ሦስት» ስንል አሥርና ሦስት መሆኑ በስሙ ይሰማል፤ «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» ግን ምንም አይናገሩም። በአማርኛ እስከ 19 ቁጠሩለት።

ሰዓትም በዚህ ዓመት ይማራል፣ ሙሉ ሰዓትና ግማሽ። እናንተ ጠዋት «ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ተነስ!» ስትሉት ግድግዳው ላይ 8 ያያል። ሁለቱንም ንገሩት፣ የእኛ ቆጠራ ንጋት ላይ እንደሚጀምር ካስረዳችሁት ይገባዋል።

ሪፖርት ካርድ ሲመጣ ከአዲስ አበባ በስልክ «ስንተኛ ወጣ?» መባሉ አይቀርም። በታችኛዎቹ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ደረጃ የለም። ብዙ ቦታ ከ1 እስከ 4 ነው የሚሰጠው፣ 3 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ የሚጠይቀውን አሟልቷል ማለት ነው። ወደ 75 ከመቶ አትቀይሩት። የቁጥሩ ትርጉም ካርዱ ላይ ተጽፏልና እሱን እዩ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ልጁን ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ሞልታችኋል። አንዳንዱ ወላጅ ልጁን ዝቅ ያደርጉብኛል ብሎ «እንግሊዝኛ ብቻ» ይላል። እውነቱን ጻፉ። ቅጹ ልጁ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ያስፈልገው እንደሆነ ለመፈተን ነው። ድጋፉን አንፈልግም ማለትም መብታችሁ ነው፣ ግን አይታችሁ ወስኑ።

መኸር ላይ ከመምህርቷ ጋር የምትገናኙበት ቀጠሮ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ነው የሚያቀርበው። ልጁን ግን በፍጹም አታስተርጉሙት። «ንባብ ላይ ወደ ኋላ ቀርቷል» የተባለው «ጎበዝ ነህ አለችኝ» ሆኖ ሊደርሳችሁ ይችላል፣ የ6 ዓመት ልጅ ምን ያድርግ!

ስትገናኙ «እንዴት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ «ደህና ነው» ትባላላችሁ። «አሁን ምን ዓይነት መጽሐፍ ያነባል? በዚህ ጊዜ የት መድረስ ነበረበት?» በሉ። ክረምቱ ገብቶም አጫጭር ቃላት የሚያስቸግሩት ከሆነ «ሁለት ቋንቋ ስላለው ነው፣ ይለቀዋል» የሚል መልስ ትሰሙ ይሆናል፤ ከዘመድም፣ አንዳንዴ ከትምህርት ቤትም። ሁለት ቋንቋ መናገር ልጅን የማንበብ ችግር ውስጥ አይከተውም። ይህን የምትለዩት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ መምህርቷ አማርኛውን አትሰማም። በአማርኛ ቀልድ የሚያወራ፣ ተረት የሚከታተል ልጅ ከሆነ ንገሯት። በአማርኛም አፉን የፈታው ዘግይቶ ከሆነ፣ ሁለት ነገር ሲያዙት አንዱን የሚረሳ ከሆነ፣ ያንንም አትደብቁ። ልጁ እንዲመረመር በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ምርመራው ነፃ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ይበቃዋል፦ የልጁ ስም፣ ክፍሉ፣ ያሳሰባችሁ ነገር። ቀን ጻፉበት፣ ከመስጠታችሁ በፊትም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።