ቡናው ተጠጣ፣ ካርቶኑ ተመለሰ

ጥር ላይ ሞጣ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ በቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ድፎ ተቆርሷል፣ ፈንዲሻው በሰፌድ ተሞልቷል። የተጠሩት 12 ጎረቤቶች ነበሩ፤ የመጡት 8። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካው ሊቀዳ ሲል እህቴ ከጓዳ አንድ ካርቶን ይዛ ወጣች። ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ የፊት ቅባት፣ «አንጀት ያጸዳል» የተባለ ሻይ። ለሁለት ሳምንት የተለማመደችውን ንግግር ጀመረች።

ጥግ ላይ ተቀምጬ የሴቶቹን ፊት አይ ነበር። ገና ካርቶኑ ሲከፈት አንዷ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ሌላዋ ልጇን አስታወሰች። «እሰይ እታለም፣ ያምራል» አለች ሦስተኛዋ፣ ዕቃውን ሳትነካው። በዕድሜ የሚበልጡት እናት የጥርስ ሳሙናውን አገላብጠው አይተው «ስንት ነው ልጄ?» አሉ። 650 ብር ሲባሉ «ኧረ እኔስ የቀሩኝ ጥርሶች አራት ናቸው» አሉና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እህቴም ሳቀች። እኔ ግን ሳቋን አውቀዋለሁ።

ማታ ሒሳብ ሠራን። ለቡናው፣ ለስኳሩ፣ ለዳቦውና ለፈንዲሻው ወደ 1,800 ብር ወጥቷል። የተሸጠው ሁለት ሳሙና ነው፤ አንዱ በዱቤ። ይኼን ስንሠራ ስልኳ ጠራ። «አፕላይኗ» ናት፤ ይኸውም እሷን ወደ ሥራው ያስገባቻት ከበላይዋ ያለች ሴት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሰማሁ። ችግሩ ያለው አስተሳሰብሽ ላይ ነው፣ አሸናፊ ሰው እንቢታን አይሰማም፣ በሚቀጥለው 20 ሰው ጥሪ፣ ደግሞ የዚህ ወር ነጥብሽ እንዳይወርድ የቀረውን ራስሽ ግዢው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስልክ ነው።

እንዲህ ዓይነት ቀን ለገጠማት ሻጭ የሚሰጠው ምክር ሁሌ አንድ ነው፦ ተስፋ አትቁረጪ፣ ፈገግ በይ፣ ደግመሽ ጥሪ። ጥሩ ምክር ይመስላል። እኔ ግን ጎጂ ነው እላለሁ። የዚያን ቀን የሆነው ነገር ፈተና አልነበረም፤ መልስ ነበር። ስምንት ሴቶች፣ እህቴን የሚወዷት ስምንት ሴቶች፣ ዕቃውን አይተው፣ ዋጋውን ሰምተው፣ «አንፈልግም» አሉ። ያሉት ግን በእኛ አገር አባባል ነው። «ባሌን ላማክረው»፣ «ደመወዝ ይውጣ»፣ «እስቲ አስቤበት ልንገርሽ»። ጎጃም ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ፣ እንጀራውን ቆርሶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ፊት ለፊት «አልገዛም» የሚል ሰው አላየሁም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። «አስቤበት ልንገርሽ»ን «ትገዛለች፣ ትንሽ ግፊት ነው የሚያስፈልጋት» ብሎ የሚተረጉም አሠልጣኝ ወይ አማርኛችንን አያውቅም፣ ወይ ያውቀዋል።

(እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ጽሑፍ ይዤ አዘጋጅ ቤት ስሄድ «እናየዋለን» ይሉኛል። «እናየዋለን» ማለት «አንፈልገውም» ማለት መሆኑን ለመረዳት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከገባኝ በኋላ ግን ለመጓጓዣ የማወጣው ብር ቀንሷል።)

ይኼ የሳሎን ሽያጭ የእኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ኧርል ታፐር ክዳኑ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ሠርቶ መደብር ውስጥ ሲያስቀምጠው ብዙ የሚገዛው አላገኘም፤ ሰው ክዳኑ እንዴት እንደሚገጠም አልገባውም ነበር። ብራውኒ ዋይዝ የምትባል፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ግን ዕቃውን ሴቶች ሰብስባ ሳሎን ውስጥ እያሳየች ትሸጠው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1951 ታፐር ዕቃውን ከመደብር አውጥቶ ሽያጩን በሙሉ ወደ ቤት ግብዣ አዞረውና ሥራውን እንድትመራ ለእሷ ሰጣት። በ1954 «ቢዝነስ ዊክ» መጽሔት ሽፋኑ ላይ ያወጣት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1958 ደግሞ ታፐር አባረራት፤ ከኩባንያው አንድም አክሲዮን አልነበራትም። (ታፐርዌር ራሱ መስከረም 2017 ዓ.ም ላይ የኪሳራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አስገብቷል።)

ከዚህ ታሪክ የእኛ ሰዎች የወሰዱት ሳሎኑን ብቻ ነው። እነዚያ ሴቶች ሲጠሩ ለሽያጭ እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር። የግብዣው ስም ራሱ የዕቃው ስም ነው። ቤቷን የምትሰጠው አስተናጋጅ ስጦታ ታገኛለች፣ የምትሸጠው ሌላ ናት፣ ቦርሳዋን ይዛ የምትመጣው ደግሞ ፈልጋ ነው። ዕቃውም ካልታየ የማይገባ ዓይነት ነበር። እኛ ጋ ግን ግብዣው «ቡና ጠጡ» ነው የሚባለው። ሳሙና ደግሞ ማንም እንዲያሳየን አያስፈልግም፤ እንዴት እንደሚታጠቡበት እናውቃለን።

ቡና ብሎ ጠርቶ ካርቶን ማውጣት ለምን ይከብዳል? ሞጣም ሆነ ቢቸና ቡና ማለት መጠጥ ብቻ አይደለም። የታመመ የሚጠየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የእድር መዋጮ ያልከፈለች ካለች በቀስታ የምትነገርበት ነው። እነዚያ ስምንት ሴቶች ከእህቴ ጋር አንድ እድር ናቸው። አምስቱ እቁብ አብረዋት ይጥላሉ። እነሱ ለእሷ «ደንበኛ» አይደሉም፤ ነገ ሐዘን ቢደርስባት ድንኳን የሚተክሉላት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉላት ናቸው። 650 ብር ላይ ሲያፍሩ ያፈሩት በእሷ ፊት ነው፤ ኩባንያው የለበትም። ከቅዳሜው በኋላ ከመካከላቸው አንዷ ለሁለት ሳምንት ደጃችንን ሳትረግጥ ቀረች። ቀርታ የነበረው ተቀይማ አይደለም። ሳሙናውን በዱቤ ወስዳ የምትከፍለው ስላልነበራት ነው።

ደግሞ ወሩን እዩት። ጥር የሠርግ ወር ነው። በምሥራቅ ጎጃም ጤፉ ተወቅቶ የተገኘው ብር ወይ ለሠርግ፣ ወይ ለብድር፣ ወይ ለልጅ ትምህርት ቀድሞ ተመድቧል። ይኼ በደህናው ጊዜ ነው። ክልሉ ግን ደህና ጊዜ ላይ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለውን አንባቢዬ ያውቀዋል፤ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ሲከርም፣ ሱቅ አንድ ቀን ከፍቶ ሁለት ቀን ሲዘጋ ኖረናል። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከውጭ የሚገባ የጥርስ ሳሙና ዋጋውን ከዚያ ነው የሚያመጣው፤ የመምህርና የነርስ ደመወዝ ግን አብሮ አልዘለለም። ይኼን ሁሉ ትቶ «ችግሩ አስተሳሰብሽ ነው» ማለት ምን ይሉታል?

እዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ፤ ኮሜንት ላይም ትጽፉታላችሁ። «ሥራ የለም፣ ታዲያ ምን ትሥራ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እህቴ ሞኝ አይደለችም፤ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አላት፣ ሥራ ካጣች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሰው ፊት ቆማ መናገሯን፣ መሞከሯን እኔ አከብራለሁ። ቤት ለቤት መሸጥም ነውር አይደለም። የምጠላው ሽያጩን አይደለም።

ቢቸና የማውቃት አንዲት ሴት አለች። አንሶላ፣ የሕፃናት ልብስና ሳህን ከባሕር ዳር እያመጣች ቤት ለቤት ትሸጣለች፤ ልጆቿን ያስተማረችው በዚህ ነው። የእህቴን ነገር ስነግራት ሳትስቅ ሰማችኝና «ዕቃ ይዤ ስሄድ ቡና አልጠጣም፣ ቡና ልጠጣ ስሄድ ዕቃ አልይዝም» አለችኝ። ደብተሯን አሳየችኝ። ማን ምን እንደወሰደ፣ በስንት ጊዜ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሞተበትና ስለዚህ እስከ ፋሲካ እንደማይጠየቅ ሁሉ ተጽፏል። አንድ ዕቃ ሦስት ቤት ታይቶ ካልተሸጠ አራተኛ ቤት አትወስደውም፤ ያመጣችበት ነጋዴ ጋ ትለውጠዋለች፣ ካልሆነም በኪሳራ ሸጣ ሌላ ታመጣለች። ያልተሸጠ ቀን ሲያጋጥማት ምን እንደሚሰማት ጠየቅኳት። ጥያቄው አልገባትም። «ምን ይሰማኛል? ዕቃው አልተፈለገማ!»

የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የቢቸናዋ ሴት ትርፏ ከአንሶላው ነው። እህቴን የጠሯት ሰዎች ትርፋቸው ከእህቴ ነው። እሷ ስትገባ የከፈለችው፣ ነጥቧ እንዳይወርድ ራሷ የምትገዛው፣ ከዚያም «አንቺም ሰው አስገቢ» ተብላ የምታስገባቸው። ለዚህ ነው ቅዳሜው ባይሳካም ላይ ያሉት ሰዎች ያልደነገጡት፤ ለእነሱ ሽያጩ የተጠናቀቀው እሷ ካርቶኑን የገዛች ዕለት ነው።

ሕጉም ይኼን ልዩነት ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ዕቃ የገዛ ሰው ሌሎች ገዢዎችን በማምጣቱ፣ ባመጣቸው ሰዎች ቁጥር ልክ፣ ሽልማት ያገኛል እያሉ በፒራሚድ መልክ መሸጥን ይከለክላል። ቤት ለቤት መሸጥን አይደለም የከለከለው። አሜሪካ ውስጥ በ1979 አምዌይ የፒራሚድ ክስ ቀርቦበት ነፃ የወጣው ሦስት ደንቦች ስለነበሩት ነው፦ ሻጩ የገዛውን 70 በመቶ ሳይሸጥ እንዳይቆይ፣ በየወሩ ለ10 ደንበኞች መሸጡን እንዲያሳይ፣ ያልተሸጠ ዕቃ ደግሞ ተመላሽ እንዲሆን። ሄርባላይፍ በበኩሉ በ2016 200 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ሲስማማ፣ ለሻጮች የሚሰጠውን ክፍያ ሰው በማስገባት ሳይሆን ለእውነተኛ ደንበኛ በተሸጠ ዕቃ ላይ እንዲመሠርት ተገዷል።

እንግዲህ እንደ እህቴ ያለች ሴት ከባዶው ቅዳሜ ማግስት ራሷን «ምን አጠፋሁ?» ብላ ከማሰቃየት ይልቅ አፕላይኗን መጠየቅ ትችላለች። ያልተሸጠው ይመለሳል ወይ? አንድም ሰው ሳላስገባ ከዕቃው ብቻ ምን አገኛለሁ? ደግሞ አንቺ ራስሽ ባለፈው ወር ለማን ሸጥሽ፣ ስሙን ጥሪልኝ። የቢቸናዋ ሴት ለሦስቱም ከደብተሯ መልስ አላት። እህቴ ስትጠይቅ የተላከላት መልስ ባሕር ዳር ሊደረግ ስለታሰበ ሥልጠና የሚናገር የድምፅ መልእክት ነው። መግቢያው ይከፈልበታል።

ራሷ ትግዛው የተባለውን አልገዛችም። ይኼን ለመወሰን ሦስት ቀን ፈጅቶባታል፤ ምክንያቱም መተው ማለት እስካሁን የከፈለችውን እንደጠፋ መቁጠር ነው። ግን የጠፋው ጠፍቷል፤ ነጥብ ለመጠበቅ የሚገዛው ሁለተኛ ካርቶን የመጀመሪያውን አያስመልስም። ይኼን በቁጥር ወረቀት ላይ ስትጽፈው ነው የታያት። ሒሳብ አያያዝ የተማረችው እሷ ናት።

ከዚያ አንድ ነገር አደረገች፤ እኔ አልመከርኳትም። በአራተኛው ቀን ባዶ እጇን ወጥታ ወደ ጎረቤቶቿ ሄደች። «ቡና ብዬ ጠርቼ ዕቃ ማውጣቴ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለቻቸው። አብዛኞቹ «ምን በወጣሽ!» ብለው ተቆጧት። ያቺ የቀረችዋ ቤት ስትደርስ ግን ሴትዮዋ አለቀሰች። ዱቤው ተሰረዘ። በሳምንቱ ቡና የጠራችው እሷ ነበረች፤ እኔም ሄጄ ጠጣሁ። ስለ ሳሙና አንድም ቃል አልተነሳም፤ የተወራው ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ አንዲት ሙሽራ ነው።

ዕቃውን መልሱልኝ ብላ ጠይቃ «የተከፈተ ካርቶን አይመለስም» ተብላለች። ከሻዩ አንዱን እሽግ ልሞክረው ብዬ ወስጄ ነበር፤ ውጤቱን እዚህ አልጽፍም። ካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። በሳሙናው እኛው እየታጠብንበት ነው።