የጤና ቃል ሕግ ይሁን!



ሞያሌን የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ለሁለት ይከፍላታል። ኮሌራ ግን ኬላ አያውቅም። ይህን ለመቋቋም የተቋም እጥረት የለብንም። የኢጋድ ጽሕፈት ቤት ጅቡቲ ነው፤ በጥር 2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአፍሪካ የበሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከልም መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የጎደለው ውሳኔያቸውን አገር ቤት የሚያስፈጽም ሕግ ነው።

የአፍሪካ መሪዎች በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገቡ። አብዛኞቹ አልፈጸሙትም። መግለጫ ሕግ አይደለምና! በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል የሚሆነው ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። በመግለጫ ብቻ የተገባን ቃል ዜጋ በፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው አይችልም።

ስለዚህ ብትመርጡን፦

1. በጀቱ ደረጃ በደረጃ 15 በመቶ እንዲደርስ የሚያስገድድ ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤት እናቀርባለን፤

2. በድንበር ከተሞች ለሚካሄድ የጋራ ክትባትና የወረርሽኝ ቅኝት በኢጋድ በኩል ከጎረቤቶቻችን ጋር ስምምነት ፈርመን እናጸድቃለን፤

3. ጤና ሚኒስቴር ለሁለቱም ተቋማት የገባውን ግዴታና አፈጻጸሙን በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ እናደርጋለን።

አዲስ ቃል አንጨምርም፤ የተገባው እንዲከበር እንሠራለን። ለዚህም ድምፃችሁን እንጠይቃለን።